ሳይሞላ የተሸጠው ታብሌት

ጎረቤት ባለሱቆች ቀማሿ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ከአጠገቧ ጫማ የሚሸጠው ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ለሽሙጥ ነበር፤ በኋላ ደንበኞችም ለመዱትና "የቀማሿ ሱቅ የቱ ነው?" እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ሱቋ ከደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። የምትሸጠው ታብሌት ነው፤ ያውም ትልልቁን ሳይሆን ትንሹንና ርካሹን። ትልቁን የሚፈልግ መስታወት በመስታወት ወደሆነው ሕንጻ ይሄዳል። እሷ ጋ የሚመጣው ኪሱን ሁለቴ ዳብሶ የሚገባው ነው።

ትንሹ ታብሌት በሦስት ዓይነት ይመጣል። መልኩ አንድ፣ ስክሪኑ አንድ፣ የሚለያየው ሜሞሪው ብቻ ነው፤ እሷ ሆዱ ትለዋለች። ባለ አሥራ ስድስት ጊጋው ሰባት ሺህ፣ ባለ ሠላሳ ሁለቱ ዘጠኝ ሺህ፣ ባለ ስልሳ አራቱ አሥራ ሁለት ሺህ ተኩል። ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ "ልዩነቱ ምንድን ነው?" እሷም የምትመልሰው አንድ ነው፤ "ምን ልታስቀምጥበት ነው?" ለልጁ ፊደል ማስቆጠሪያ ለሚፈልግ ሰው ስልሳ አራቱን አትሸጥም። "ለአንድ እንግዳ አሥር ፍራሽ ምን ይሠራልሃል?" ብላ ትንሹን ታስይዘዋለች። ጫማ ሻጩ ይህን ሲሰማ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ሥራሽ መሸጥ ነው ወይስ ገንዘብ ማባረር?" ይላታል።

ቀማሿ ያሰኛት ግን ሌላ ነው። ማንኛውንም ዕቃ ከእጇ ከማውጣቷ በፊት ትሞላዋለች። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የአክስቷ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ አላት። ታብሌቱ "ሞላሁ፣ በቃኝ" እስኪል ድረስ ያንኑ ቪዲዮ ደጋግማ ትገለብጥበታለች፤ ከዚያ መጀመሪያ የገለበጠችውን ትከፍታለች። ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ከታየች ዕቃው ዕቃ ነው፤ ካልታየች ወደ አስመጪው ይመለሳል። "የመጨረሻውንማ ማንም ይከፍታል፤ ሌባ ዕቃ የሚያዘው በመጀመሪያው ነው" ትላለች። ባለ ስልሳ አራቱን ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንበኛው ይነጫነጫል፣ እሷ "ነገ ና" ትለዋለች፣ ሙሽሪትም ቀኑን ሙሉ ከመኪና ስትወርድ ትውላለች። ትዳሩ ከፈረሰ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሠርጉ ግን በቀማሿ ሱቅ አላለቀም።

ታላቅ ወንድሟ የሕንጻ ሥራ ፎርማን ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ አሥራ ሰባት፣ እሷ አምስት ዓመቷ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ሲሚንቶ ተሸከመ፤ እሷን አሳደገ፣ አስተማረ፣ ሱቋንም የከፈተላት እሱ ነው። ለራሱ አዲስ ነገር ገዝቶ አያውቅም። ጫማው የሰው፣ ኮቱ የሰው፣ ስልኩ እሷ የሰለቸችው ነው። እሷ ወንድምጋሼ ትለዋለች። እሱ ደግሞ፣ አርባ ዓመት ሞልቷት ጸጉሯ ሽበት እየጣለበት፣ ዛሬም ሚጡ ይላታል።

በሥራው ላይ አንድ ግትር ልማድ አለው። አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ፌሮውን ፎቶ ያነሳል። እያንዳንዱን ምሰሶ፣ ሜትሩን ከጎኑ ዘርግቶ፣ ቀኑን በጠመኔ ጽፎ። "ብረት አንዴ ከተቀበረ ምስክር የለውም" ይላል። በወጣትነቱ ያሠለጠነው ሽማግሌ ፎርማን ባልሰረቀው ብረት ታስሮ፣ እዚያው እስር ቤት ሞቷል። ያንን ሰው ከቀበረ ጀምሮ ፎቶ ሳያነሳ አርማታ አስፈስሶ አያውቅም።

አንድ ማታ ሱቋን ልትዘጋ ስትል እየተጣደፈ መጣ። ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻ ጀምረዋል፤ መሠረቱ በማግስቱ ሊሞላ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ከእጁ አምልጦ ተሰብሮበታል።

"ትንሿንና ርካሿን ስጪኝ፣ ሚጡ።"

በዚያ ሳምንት አንድ ካርቶን አዲስ ዕቃ ገብቶላት ነበር። ባለ ስልሳ አራት ጊጋ፣ ዋጋው ስምንት ሺህ። ከሠላሳ ሁለቱ እንኳ ይረክሳል። አስመጪው "ፋብሪካው መልኩን ሊቀይር ስለሆነ እያራገፈ ነው" ብሏታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅበት ነበር። ያን ዕለት ግን ያየችው ወንድሟ በትንሽ ዋጋ ትልቁን እንደሚያገኝ ብቻ ነው። ከካርቶኑ አንዱን አወጣችና ማሸጊያውን ልትቀድ ቢላዋ አነሳች። እጇን ያዛት።

"ተይው። እኔ ልክፈተው።"

"መሞላት አለበት እኮ፣ ወንድምጋሼ። ነገ ማታ ና።"

"ነገ ጠዋት አርማታ አለብኝ። ደግሞ ላስቲኩን ራሴ ልላጠው። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ልጦ የጨረሰውን ነው የያዝኩት።" ሳቀ። "ይልቅ ሰፊ ነው?"

"ሰፊ ነው" አለችው። "የፈለግከውን ያህል አንሳበት።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። ለማታውቀው ሰው ግማሽ ቀን የምትለፋውን ለአሳደጋት ወንድሟ ሳትሠራ ቀረች። በፍቅር ነው ያደረገችው፣ እውነት ነው፤ ግን ስህተት በፍቅር ስለተሠራ አያንስም። እሱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ላስቲኩን ቀስ ብሎ ላጠ፤ ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

የቀረው ካርቶን ከባንኮኒው ሥር አምስት ሳምንት ተቀመጠ፤ የድሮው ዕቃ ይለቅ ብላ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን አንድ ደንበኛ ስልሳ አራት ጠየቃት። እንደ ልማዷ አንዱን ከፍታ ሠርጉን ትገለብጥበት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። ታብሌቱ እሺ እሺ ይላል። የቪዲዮዎቹ ስም በተርታ ተደርድሯል፣ ሰዓቱም ቀኑም አለ። መጀመሪያ የገለበጠችውን ነካችው። ሙሽሪት አልመጣችም። ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም ከፈተች፤ ሁሉም ግራጫ ነው። የተከፈቱላት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ሆዱ ስምንት ጊጋ ነው፤ ግንባሩ ላይ ግን ስልሳ አራት ብለው ጽፈውበታል። ሲሞላ በቃኝ አይልም። ከሥር ያለውን በልቶ አዲሱን በቦታው ያስቀምጣል። የበላውን ስምና ቀን ግን አይነካም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሁሉም ያለው ይመስለዋል።

ጫማ ሻጩ አንገቱን አስግጎ፣ "ዛሬ ደግሞ ሙሽሪት የት ቀረች?" አላት።

ከመሠረቱ ፎቶ በፊት የሚበላ ነገር የለም። ተቀምጣ አሰበች። ወንድሟ ድሮ በስልኩ ሲያነሳ ለአንድ ምሰሶ አንድ ፎቶ ነበር። በዚያ ሒሳብ ስምንቱ ጊጋ ገና አልሞላም፤ ቢያንስ አሥር ቀን ይቀረዋል። ያኔውኑ ሱቋን ዘግታ መሄድ ነበረባት። ነገር ግን ምን ብላ? ቀማሿ ሳትቀምስ ሸጠችልህ ብላ? እሑድ ቤቱ ስሄድ እነግረዋለሁ ብላ ራሷን አታለለች።

እሑድ ዕለት "ላጽዳልህ" ብላ ታብሌቱን ተቀበለችው። ወደ መስኮቱ ዞራ የመጀመሪያውን ከፈተች። ግራጫ። የመሠረቱ ሁሉ፣ የምድር ቤቱም ምሰሶዎች ሁሉ፣ ግራጫ ናቸው።

"ለአንድ ምሰሶ ስንት ስንት ነው የምታነሳው?" አለችው።

"ሦስት ሦስት። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። ሰፊ ነው አላልሽኝም?"

"በሌላ ልቀይርልህ። የተሻለ አለ።"

"አይሆንም። በእጄ የላጥኩት ይሄን ነው።" ታብሌቱን ተቀብሎ በጨርቅ ጠቀለለው። "ባለፈው የሕንጻው ባለቤት ዕቃ ገዥ ቀጭን ፌሮ አመጣልኝና መለስኩበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ምን ቸገረኝ? ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ።"

ያኔ ብትናገር አንድ የሱቅ ባለቤት የተሳሳተ ዕቃ ሸጠች ተብሎ ያልፍ ነበር፤ እሱም የሥራውን መሐንዲስ ጠርቶ ብረቱ በትክክል መግባቱን ከወዲሁ ያስፈርመው ነበር። አልተናገረችም። ብረቱ እንደሆነ በትክክል ገብቷል፣ የመሠረት ፎቶ ማን ዞር ብሎ ያያል፣ አለች በልቧ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይህን። "ጸድቷል" አለችውና ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ በጠራ ቁጥር ከማንሳቷ በፊት እሱ እንደሆነ ታያለች።

ከዚያ እሑድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የምድር ቤቱ ምሰሶ ተሰነጠቀ። ከበሩ ሦስተኛው ነው። ስንጥቁ ጠዋት እንደ ጸጉር ቀጭን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሳንቲም ያስገባ ጀመር። ሥራው ቆመ። ዕቃ ገዥው፣ "ፎርማኑ ፌሮ እያስወጣ ሲሸጥ ነበር" ብሎ አመለከተ። ምሰሶው ለምን እንደተሰነጠቀ ገና ማንም አላወቀም፤ ጥፋተኛው ግን ተገኝቷል። ነገሩ ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ኮሚቴ እንዲያየው ተባለ።

ወንድሟ እየሳቀ ደወለላት። "ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ፎቶዎቼን ያያል፤ ነይና ታብሌቱን ከትልቁ ስክሪን ጋር አያይዢልኝ። እኔ ገመዱን አላውቅበትም።"

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ቤቱ ሄደች። ሚስቱ ነጩን ሸሚዝ ትተኩሳለች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል፤ ካልሲው ተረከዙ ጋ ተቀድዷል። በመንገድ ላይ አሥር ጊዜ የተለማመደችውን ጀመረች።

"ወንድምጋሼ፣ ያ ታብሌት እኮ..."

"ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው ልትዪኝ ነው? እኔስ ትንሽና ርካሽ አይደለሁ? ተግባብተናል" አለ።

ሚስቱ ሳቀች። በዚያ ሳምንት ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ካውያውን አቁማ፣ "እውነቴን ነው የምልሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?" አለቻት።

ቀማሿ የቀረውን ዋጠችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን ምሳሌ ስንት ጊዜ ለደንበኛ ተርታለች። በዚያ ቤት ግን የሚስቱን ሳቅ ለማጥፋት አፏ አልታዘዘላትም። ፈሪ ናት፤ ያን ማታ እሷም ይህንኑ ስም ለራሷ ሰጠች።

ሐሙስ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። ዕቃ ገዥው ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ወንድሟ በተተኮሰው ሸሚዝ ገባ፤ ከጨርቁ ውስጥ ታብሌቱን እንደሚሰበር ነገር አውጥቶ ሰጣት። ገመዱን ሰካችው።

ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞላው። ሁሉም አለ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከመሠረቱ የመጀመሪያ ጠዋት ጀምሮ። ከኮሚቴው አንዷ ሴት መነጽሯን አስተካክላ፣ "ይህን ያህል የሚመዘግብ ፎርማን አላየሁም" አለች። ዕቃ ገዥው ስልኩን አስቀመጠ። ፊቱ ሲገረጣ ቀማሿ አየችው፤ ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት።

"እንግዲህ ከመሠረቱ እስከዚያ ምሰሶ ያሳዩን" አለ ሰብሳቢው።

ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ። "ከሥሩ ጀምሪላቸው፣ ሚጡ። የመጀመሪያውን ክፈቺ።"

ተነስታ ልትናገር አሰበች። ግን ዛሬ ማን ይሰማታል? ከሦስት ሳምንት በፊት የሱቅ ባለቤት ቃል ነበር፤ ዛሬ ወንድሟን ልታድን የመጣች እህት ቃል ነው። የምታውቀው እውነት በእጇ ላይ ውሸት ሆኖባታል። ጣቷን አሳረፈችበት።

ግራጫ አራት ማዕዘን በትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። ዕቃ ገዥው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተደላደለ።

"ትንሽ ይታገሱት" አለ ወንድሟ፣ ለኮሚቴው ፈገግ ብሎ። "ርካሽ ስለሆነ ይዘገያል እንጂ ሁሉም አለ። የሸጠችልኝ እህቴ ናት፤ ሳትሞክር የምትሸጠው ዕቃ የለም።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው፣ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት በር ላይ ሲተዋት በሚላት ድምፅ፣ "አይዞሽ ሚጡ፣ ቀጣዩን ክፈቺ" አላት።

ቀጣዩን ከፈተች።