ዋኔታ ሳትማረው የተፈተነችው ባዮሎጂ

ዋኔታ ሃልቨርሰን የምትማርበት የነብራስካ ገጠር ትምህርት ቤት ትንሽ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪው የስፖርት አሠልጣኝም፣ የአውቶቡስ ሾፌርም ነው። ለኮሌጅ የሚያስቆጥረውን ከፍተኛ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ግን የለም። ደግነቱ ፈተናውን በግል አጥንቶ መውሰድ ይቻላል። ከአምስት አራት ያመጣ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው የአንደኛ ዓመቱን ኮርስ እንደወሰደ ይቆጥርለታል። ለዋኔታ ይህ ማለት የእንስሳት ሐኪም የምትሆንበት ቀን ቀረበ ማለት ነው።

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ፣ ለላሞቹ ድርቆሽ ስታድል እንኳ መጽሐፏ ከትራክተሩ አይወርድም ነበር። ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ሊፈትናት ፈቀደ። እሷ ግን ብወድቅስ ብላ ለማንም አልተነፈሰችም።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ አገር ግንቦት ሲገባ ጎረቤት በወንፈል ተጠራርቶ ጥጆች ላይ በጋለ ብረት የባለቤቱን ምልክት ይተኩሳል። ቀኑ አንዴ ከተቆረጠ ሠርግ እንኳ አያስለውጠውም። አባቷ ክላይድ የቆረጠው ቀን የፈተናው ቀን ሆኖ አረፈው። ጥጆቹን የምትከትበው ደግሞ እሷ ናት። "ነገ እነግረዋለሁ" ስትል ዋዜማው ደረሰ።

ጎረቤታቸው ኦፓል ለወንፈሉ የጋገረችውን ኬክ ልታደርስ መጥታ፣ ሦስቱም እራት ላይ ነበሩ።

"አባዬ፣ ነገ እኔ የለሁም። የኮሌጅ ፈተና አለኝ።"

"ኮሌጅ መቼ ገባሽና?"

"ሳልገባ ነው የምፈተነው።"

ክላይድ ሹካውን አስቀመጠ። "ማንም ያላስተማረሽን?"

"ራሴን አስተምሬያለሁ።"

ኦፓል በሳቅ ፈነዳች። "አንተ ክላይድ፣ አስተማሪ ፊትህ ቆሞልህ እንኳ አልጀብራን ሦስቴ ደግመሃል!"

"ሁለቴ ነው! ደግሞስ መርፌውን ማን ሊወጋ ነው?"

"እኔ" አለች ኦፓል። "ዝም ካላልክ አንተንም እወጋሃለሁ።"

ጠዋት ዋኔታ መኪናዋን አስነስታ ስትወጣ፣ ፈረሶቻቸውን በመኪና ጭነው ወደ እነሱ ግቢ የሚመጡ ጎረቤቶችን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ከወንፈል ሸሸች ሊሏት ነው ብላ አንገቷን ደፋች። ኦፓል ግን ስለ ፈተናው ለሁሉም ደውላ ነግራቸው ኖሯል። የመጀመሪያው መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። ሁለተኛውም ቀጠለ። ከዚያማ መንገዱ የሠርግ አጀብ መሰለ! ዋኔታ እየሳቀች፣ እንባዋንም እየጠረገች ነዳች።

ከፈተናው ጥያቄዎች አንዱ፣ ሁለተኛ ዙር ክትባት ሰውነትን ለምን ቶሎ እንደሚያነቃ አስረጂ የሚል ነበር። ጥጆቹን የምትከትበው እሷ አይደለች! እጇ ከሐሳቧ እኩል መሮጥ አቃተው።

ውጤቱ ሐምሌ ላይ፣ ድርቆሽ ሲከምሩ ወጣ። ስልክ የሚሠራው ክምሩ አናት ላይ ብቻ ስለሆነ ዋኔታ እየቧጠጠች ወጣች።

"አራት!" ብላ ጮኸች።

"ከስንት?" አለ ክላይድ ከታች።

"ከአምስት! ቆጠሩልኝ አባዬ፣ ቆጠሩልኝ!"

"አምስተኛዋን ማን በላት?" አለ። ከዚያ ያ ጉልበቴን የሚለው ሰውዬ ክምሩን እንደ ጎረምሳ ወጣው። ስልኩን ከእጇ ነጥቆ ኦፓል ጋ ደወለ።

"ስሚ! ልጄ ኮሌጅ ሳትገባ ኮሌጅ ጨረሰች!"

"አባዬ፣ አንድ ኮርስ ነው እኮ!"

የሚሰማት አላገኘችም። ክላይድ ወደ ሌላው ጎረቤት እየደወለ ነበር።