የስኳር ድንቹ ሳህን

ሜልቦርን ውስጥ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ፉትስክሬ ገበያ ቆዳው ወይን ጠጅ የመሰለ ስኳር ድንች ይከመራል። እኔ በዚያ በኩል ካለፍሁ ፊቴን አዙሬ ነው። ስኳር ድንቹ ምን አደረገኝ? ምንም። ያናደደኝ የሰው ሥራ ነው። ንዴቱ ይበርድልኛል ብዬ ብጠብቅም በየዓመቱ ጭራሽ ይብስብኛል።

ከእናቴ ጋር የምንኖረው ኬንሲንግተን፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ፎቅ ላይ ነው። እኔ ሲቲ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ሴኪዩሪቲ ነኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከብሬብሩክ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያወሯታል፣ እሷም ትስቅላቸዋለች፣ በቃ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የእናቴን በር የሚያንኳኳ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሷም የጎን ጎረቤታችን፣ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር ጃፓናዊት ባልቴት ናት። እናቴ «እታለም» ትላታለች፣ እሷ ደግሞ እናቴን «ማማ» ትላታለች። ከዚህ ሌላ የጋራ ቃል አልነበራቸውም።

ያገናኛቸው ስኳር ድንች ነው። እናቴ የወላይታ ሰው ናት፤ ያደገችው በስኳር ድንች ነው፣ እኔንም ያሳደገችኝ በእሱ ነው። ጎረቤታችን መጀመሪያ የመጣች ቀን በምድጃ የጠበሰችውን ስኳር ድንች በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ነበር። እናቴ ገለጥ አድርጋ አየችና «ይቺማ የእኛ ናት!» ብላ ሳቀች። ጎረቤታችን ቃሉ ባይገባትም ሳቁ ገባት። አብረው ቁጭ ብለው እየላጡ በሉት።

በእሷ አገር ስኳር ድንች ዓመቱን ሙሉ እንደ ሽንኩርት የሚበላ ነገር አይደለም፤ ብርዱ መግባት ሲጀምር ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነው። ደግሞ አዲስ የተቆፈረ አትነካም። ጣፋጭነቱ ገና አልመጣም ትለኛለች፣ በእንግሊዝኛ። በጋዜጣ ጠቅልላ በካርቶን ታደርግና ከአልጋዋ ሥር ለሳምንታት ታስተኛዋለች። ከዚያ በኋላ ነው በቀስታ የምትጠብሰው፣ ወይም ከነቆዳው ቆራርጣ ከሩዝ ጋር የምትቀቅለው፣ ወይም በጣፋጭ መረቅ የምታበስለው። አንድ ቀን በልጅነቷ የተጠበሰ ስኳር ድንች በጋሪ እየገፋ የሚሸጥ ሰው እንዴት እንደሚጣራ ሳሎናችን ውስጥ ቆማ አሳየቻት። ረዘም ያለ፣ ዜማ የመሰለ ጥሪ ነው። እናቴም ተነሥታ የሶዶ ገበያ ሴቶች እንዴት እንደሚጣሩ አሳየቻት። ከሥራ ስገባ ሁለቱ እየተፈራረቁ ይጮኹ ነበር። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለቱም ቤት ባዶ ሳህን አይመለስም። እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ እነሱም ዘንድ እንደዚያው ነው። ስኳር ድንች የመጣበት ሳህን በዳቦ ይመለሳል፣ ዳቦ የሄደበት በሩዝ ይመለሳል። ማንም ለማንም አላስረዳም፤ ሁለቱም ከእናቶቻቸው ይዘውት የመጡት ነገር ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። እዚህ አገር የስኳር ድንቹ ወቅትና ሁዳዴ አንድ ላይ ነው የሚገቡት። ለእናቴ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር፤ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ጉልበቷ እያለቀ ስለነበር እኔ ጾሙ እስኪፈታ በሰቀቀን ነበር የምኖረው። በዘጠኝ ሰዓት ጎረቤታችን ሳህኗን ይዛ ስትመጣ እናቴ እህል እንደቀመሰች እርግጠኛ እሆናለሁ። ሥራ ቦታ ሆኜ ሰዓቱን አይና ልቤ ያርፋል።

ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እትዬ አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ላይ እሳቸው ሳያውቁት የሚሆን ነገር የለም። እናቴን «እናንተ አገር ጾሙ በደንብ ይጾማል እንዴ?» ብለው የጠየቋት እሳቸው ናቸው፤ ወላይታን ማለታቸው ነው። ጠይቀው ቢተዉ ጥሩ ነበር፤ የእናቴን ጾም መመርመር ግን ሥራቸው አድርገው ያዙት። እናቴ ደግሞ በዚያ ጥያቄ የተነሣ ከሁሉም በላይ ጾመኛ ካልሆንሁ ብላ ራሷን ታደክማለች። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በዚህ ዕድሜዋ ክርስትናዋን ለማን ነው የምታስመሰክረው?

አንድ ረቡዕ እትዬ ሳህኑ ላይ ደረሱ። በመረቅ የበሰለ ስኳር ድንች ነበር። ጎንበስ ብለው አሸተቱና «ይሄ ዓሣ ዓሣ ይላል» አሉ። በዚያ ቢያበቁ ደህና። እናቴን በእጇ ይዘው ጎረቤት በር ድረስ ወሰዷትና፣ አንኳኩተው፣ ሳህኑን እየጠቆሙ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» አሉ። ያቺ ምስኪን ሙያ ሊማሩ የመጡ መስሏት ደስ አላት። ወደ ውስጥ ገብታ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ የሳሳ የደረቀ ዓሣ በላስቲክ ይዛ ወጣች። ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣት እንደሆነ በእጇ አሳየቻቸው። ይባስ ብላ ቆንጠር አድርጋ በወረቀት ጠቀለለችላቸው፤ ቤታችሁ ሞክሩት ማለቷ ነው። ለእሷ ያ መረቅ ውሃ ማለት ነው፤ ዓሣ አበላሁ ብላ አስባ አታውቅም።

ማታ ስገባ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ አብጧል። ስንት ሁዳዴ እንደበላችው እያሰበች ስታለቅስ ነው የዋለችው። የንስሐ አባቷ ጋ ደውላለች። እሳቸው «ሳያውቁ የበሉት ነው፣ ስግደት ጨምሪ፣ ጎረቤትሽን ግን እንዳታስቀይሚ» ብለዋታል። ስግደቱን ሰማች፣ ሁለተኛውን አልሰማችም።

«ሳህኑስ?» አልኋት።

«መለስኩላት።»

«ምን አድርገሽበት?»

«አጥቤ።»

«ውስጡ ምን አድርገሽበት ነው የምልሽ፣ እማዬ?»

ቀስ ብላ «እትዬ እዚሁ ቆመው ነበር» አለች። ከንዴቴ ብዛት መሬት አልበቃኝ አለ። እናቴ ላይ ጮኽሁ። ጮኼ ሳበቃ ደግሞ ጩኸቱ የሚገባቸው ሌላ ሰው መሆናቸው ይበልጥ አናደደኝ።

በማግስቱ ጎረቤታችንን ለማስረዳት አንኳኳሁ። ስለ ጾም በእንግሊዝኛ ነገርኋት። አፏን በእጇ ከደነችና አንገቷን ደጋግማ ሰበረች፤ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። በሩን ድምፅ ሳይሰማ ዘጋችው። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የሚያንኳኳ ጠፋ። እናቴ ቀዝቃዛ ዳቦ በሻይ እያራሰች መብላት ጀመረች፣ አንዳንድ ቀን ያንንም ትተወዋለች።

እትዬን ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ እናቴን ምን አድርገው ነው የሄዱት?»

«እኔ ለነፍሷ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ለነፍሷ ካሰቡ እንግዲህ ነገ ይምጡና አብረዋት ይዋሉ። የምታጫውታትን ሰው አባረውባታልና።»

«ነገማ አፖይንትመንት አለኝ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

ሊፍቱ ሲከፈት ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አልመጡም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጡም።

ሆሣዕና ሰሞን በራችን እጀታ ላይ የወረቀት ከረጢት ተንጠልጥሎ አገኘን። ውስጡ ጥሬ ስኳር ድንች ነው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፤ ያልተቀቀለ፣ ያልተነካ፣ ጾም የሚያስገድፍ ምንም ነገር ያልደረሰበት። ከአልጋዋ ሥር አስተኝታ ያጣፈጠችው ነው። እናቴ አንዱን አንሥታ በመዳፏ እያገላበጠች ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሳህን የለውም» አልኋት። አልወደድሁትም። ሳህን ከሌለ የሚመለስ ነገር የለም ማለት ነው።

«እንዳልጨነቅ ብላ ነው» አለች እናቴ። ፊቷ ከብዙ ቀን በኋላ በራ። በጨው ውሃ ቀቅላ ሁለት ፍሬ በላች።

«ሂጂና አመስግኛት፣ አሁኑኑ» ብዬ ለመንኋት። አይሆንም አለች። ባዶ የመለሰችው ሳህን አንገቷን አስደፍቷታል። በጾም ደግሞ ምን ይዛ ትሂድ? ሽሮ? «ለፋሲካ ዶሮ ሠርቼ፣ በትልቁ ሳህን አድርጌ፣ ራሴ እወስድላታለሁ» አለች። ትልቁ ሳህን ከቁም ሣጥኑ የሚወጣው ለክብር እንግዳ ብቻ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ የዶሮ ወጡን በትልቁ ሳህን አደረገች፣ ከነእንቁላሉ። ፈረሰኛውንም ለእሷ አወጣችላት፤ እኔን እንኳ አልጠየቀችኝም። ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ወጥታ አንኳኳች። እኔ ከኋላዋ ዳቦ ይዤ ቆሜያለሁ።

በሩን የከፈተው ቀለም የነካካው ቱታ የለበሰ ሰውዬ ነው። ከኋላው ክፍሉ ባዶ ነው። ሴትየዋን ልጇ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ወሰዳት አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ስልኳን ጠየቅሁት፣ እሱም የለው። እኛም የለንም። ግድግዳ ለግድግዳ ለሚኖር ሰው ስልክ ምን ያደርጋል ብለን ጠይቀናት አናውቅም።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

ነገርኋት። አላለቀሰችም። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሳህኑን ያያል፣ ወጡ ይጨሳል። ወደ ቤት እንመለስ ብዬ ክንዷን ስይዛት ክንዷን ነጠቀችኝና ወደ ሊፍቱ ሄደች። ተከተልኋት። ታች ወርዳ የእትዬን በር በእግሯ መታችው። እናቴ የሰው በር በእግሯ ስትመታ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ከፈቱ፤ ከኋላቸው እንግዳ ሞልቶ ቤቱ ይንጫጫል። ሳህኑን ሲያዩ «ውይ፣ ለእኔ ብለሽ ነው?» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ሳህኑን አስያዘቻቸው።

«ብሉት» አለቻቸው። «ሲያልቅ ሳህኑን ባዶውን መልሱልኝ።»

የእትዬ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። ውስጥ የነበሩት እንግዶች ወደ በሩ ዞሩ። እናቴ ደረጃውን ይዛ ወጣች፣ ሊፍት እንኳ አልጠበቀችም።

ሳህኑ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።