በሆዷ የምትጠጣው እንቁራሪት

ልጅ ሳለሁ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ክረምት፣ ጎባ ላይ አንዲት እንቁራሪት በጨው ውሃ ገደልኩ። መግደል አላሰብኩም። የፈለግኩት አንድ ተረት ውሸት መሆኑን ማሳየት ነበር።

ተረቱን የነገሩን ጎረቤታችን አዴ ሀዋ ናቸው። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ማንደጃቸውን ከበን እንቀመጥ ነበር፤ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እሳቸው አመድ የለበሰውን ፍም በእንጨት እየነካኩ ያወሩልን ነበር።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ስሙኝ» አሉ። ድሮ በድርቅ ጊዜ የምንጩ ጠባቂ እንቁራሪት ነበረች። ውሃው ለከብቶቹ እንዲተርፍ «በአፌ አንዲት ጉንጭ አልወስድም» ብላ ማለች። አላህም አዘነላትና በሆዷ እንድትጠጣ አደረጋት።

«አዴ፣ በዓይንዎ አይተዋል?» አልኩ።

«ይቺ ፖሊስ መጣች! በይ፣ እንቁራሪቷን ጣቢያ ውሰጂና ቃሏን ተቀበያት!»

ልጆቹ ሳቁብኝ።

አባቴ ጨው ሲያስልሳቸው ከብቶቻችን ወደ ውሃ እንደሚሮጡ አውቅ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከቦይ አንዲት እንቁራሪት ይዤ፣ አሞሌ ጨው የበጠበጥኩበት ሣህን ውስጥ ከተትኳትና ከደንኩባት። ይጠማታል፤ ሲመሽ በአዴ ሀዋ ፊት ንጹህ ውሃ ሳቀርብላት በአፏ ትጠጣለች፤ ያን ጊዜ የሚሳቀው በሳቸው ይሆናል።

ሲመሽ ማንደጃው አጠገብ ክዳኑን አነሳሁ። ቆዳዋ ተጨማዶ፣ ሰውነቷ ሟሽሾ፣ ሞታለች።

«ያ አላህ! ምን አጠጣሻት?» አሉ አዴ ሀዋ።

«ምንም። አፏን እንኳን አልከፈተችም።»

ኩራዙን አስጠግተው አዩዋት። ያን ምሽት ተረት አልነበረም።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ለዘገባ ዲንሾ ሄድኩ። አንድ ተመራማሪ እንቁራሪት ገልብጦ ከሆዷ በታች ያለውን ስስ ቆዳ አሳየኝ። «በአፏ አትጠጣም፤ መጠጫዋ ይሄ ነው» አለ።

ብዕሬ ቆመ። እሱ እንደ ዋዛ ቀጠለ፦ ወንዝ ውስጥ ውሃው በቆዳዋ ይገባል፤ ትርፉን በሽንት ታስወጣለች፤ የሰውነቷን ጨው ግን ታስቀራለች። ውሃው ከሰውነቷ ይበልጥ ጨዋማ ከሆነ ግን የውሃው ጉዞ ይገለበጣል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሆናል።

ያኔ በልጅነቴ፣ እስኪመሽ ድረስ፣ የሣህኑን ክዳን ሦስቴ አንስቼ አይቻታለሁ። የማየው አፏን ነበር። ውሃው ግን በሆዷ በኩል እሷን እየጠጣት ነበር።