ዝቅ ያለው በር

በደሴቲቱ ዋና ከተማ በሆኒያራ ያለው መሥሪያ ቤታችን የተሠራው መንግሥት ከአንድ ሽማግሌ በተከራየው መሬት ላይ ነው። ሽማግሌው በየወሩ ብቅ ይላሉ። ነጠላ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ይገቡና ኮሪደሩ መሃል ሲደርሱ፣ ምንም በሌለበት፣ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ።

«ምነው አባባ፣ ወገብዎን አመመዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የቤቴ በር ዝቅ ያለ ነው» አሉኝ። እዚሁ ቦታ ላይ የነበረው ቤታቸው ይህ ሕንፃ ሲሠራ ከፈረሰ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል።

«ውሉ እኮ አርብ ያልቃል። አያድሱልንም?»

«ቤቴ ውስጥ ያሉትን ሳልጠይቅ?» ብለው ሳቁ፤ ጥርሳቸው በሚያኝኩት ፍሬ ቀልቷል።

አርብ አለፈ፤ አልመጡም። ሰኞ ጠዋት ባልደረባችን ረጅሙ ማኤላ ፋይል ታቅፎ ሲጣደፍ ኮሪደሩ መሃል በጀርባው ተዘረረ። ስናነሳው ግንባሩ አብጧል።

«እዚህ ጋ በር የሠራው ማነው?» አለን።