ሚዛኑ ጤነኛ ነበር

ቃሊቲ ውስጥ ውዳቂ ብረት እያቀለጠ የግንባታ ብረት በሚሠራ ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ክረምት፣ በሩ ላይ ያለው የመኪና ሚዛን ኮምፒውተር ሞተ። ስከፍተው አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ሽቦው ተበልቷል፣ ሽንቷ ቦርዱን አዝጎታል። ሽታው ለቀናት ከእጄ አልለቀቀኝም። በዚያ ሰሞን ካስጠሉኝ ነገሮች መካከል ግን አይጧ የመጨረሻዋ ናት።

ሚዛኑ ራሱ ምንም አልሆነም። ከባድ መኪና ሲወጣበት ግድግዳው ላይ ያለችው ማሳያ ክብደቱን ቁልጭ አድርጋ ታወጣለች። የጎደለው ድራይቨሩ ነው፤ ሚዛኑ የሚለውን ለኮምፒውተሩ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም። አዲስ ኮምፒውተር ተገዝቶ ስጭንበት አልሠራም አለ። የተጻፈው ለአሮጌው ኮምፒውተር ሲስተም ብቻ ነበር።

ሚዛኑ ላይ የሚሠሩት፣ አቃቂ ተወልደው ፋብሪካው ውስጥ ያረጁ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ድራይቨሩ አዲሱን ኮምፒውተር እንደማያውቀው ስነግራቸው በመስኮት ወደተሰለፉት መኪኖች አይተው የትኛው ሹፌር እንደሆነ ጠየቁኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሰልፉ አስፋልቱን ዘግቶ፣ የእያንዳንዱን መኪና ክብደት በእጃቸው እየጻፉ፣ ሲሰደቡ ነበር የዋሉት።

ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ያንን ድራይቨር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሚዛን እያስመጣ የሚተክል፣ ይህንንም ሚዛን የተከለ ድርጅት ውስጥ ነበር የሠራሁት። እንዴት መጻፍ እንዳለበት አውቅ ነበር። ስለ ሚዛኑ የሚያውቀው ክፍል ለብቻው ይቀመጣል፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ለብቻው፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ሁለተኛውን ብቻ ቀይሮ መቀጠል ነው። እንዲያ አድርጌ ጀምሬውም ነበር። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝና አስረዳሁት።

“ለምን ትደክማለህ? ሲበላሽ ወደኛ ይምጡ እንጂ” አለኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

አልተከራከርኩም። ሁለቱን ክፍሎች ደባለቅኳቸው፣ ሥራው ቶሎ አለቀ፣ ተመሰገንኩ። ድርጅቱን ስለቅም የፕሮግራሙ ጽሑፍ እዚያው ቀረ።

አሁን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለዚያው ድርጅት ደወሉ። ባለሙያ ተላከ። ግቢው ጭቃ ስለነበር ከመኪናው አልወረደም። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሚዛኑን አየና ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ይነሳና አዲስ ይተከል አለ። እትዬ ዣንጥላቸውን ይዘው ጠጋ ብለው፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ በትክክል ሲመዝን እንደነበር ነገሩት። ሰምቶ እንዳልሰማ መስታወቱን ዘጋው። ያን ቀን ባለሙያ መባል አስጠላኝ።

ሥራ አስኪያጁን አንድ ሳምንት እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው፤ ቀና ብለው ሳያዩኝ እሺ አሉኝ። ሚዛን ቤቱ ውስጥ ላፕቶፔን ከማሳያዋ ገመድ ጋር አገናኝቼ ተቀመጥኩ። መኪና በወጣ ቁጥር እትዬ ክብደቱን ጮክ ብለው ያነቡልኛል፣ እኔ በገመዱ ከሚመጣው የቁጥር ዝርግፍ ውስጥ የትኛው እሱ እንደሆነ እፈልጋለሁ። በአራተኛው ቀን ገባኝ። በዚህኛው ጊዜ ክፍሎቹን ለያየሁ። በአዲሱ ኮምፒውተር ሞከርኩት፣ ሌላ ሲስተም ባለው በራሴ ላፕቶፕም ሞከርኩት፤ በሁለቱም ሠራ። ክብደቱ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እትዬ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ጣቶቻቸውን አሻሹ።

ሮጬ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ አሳየኋቸው። ጎበዝ አሉኝ። ከዚያ የአዲሱ ሚዛን ውል ትናንት እንደተፈረመ ነገሩኝ። አሮጌው ደህና ነው ስላቸው፣ ደህና መሆኑን እሳቸውም እንደሚያውቁ፣ ግን ውል ውል እንደሆነ ነገሩኝ።

በሳምንቱ ሰዎች መጥተው ሚዛኑን በጋዝ ቆራረጡት። ብረቱ አልዛገም፣ አልጎበጠም። ቁርጥራጩን ግቢያችን ውስጥ ካለው የውዳቂ ክምር ላይ ጣሉት፤ ከመኪና አካልና ከተጨማደደ ቆርቆሮ ጋር ሊቀልጥ። እትዬ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያያሉ። አጠገባቸው ቆሜ የመጀመሪያውን ድራይቨር የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

“እንዲህ እንደሚሆን እያወቅክ ነው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እያወቅኩ።”

“እኔ ደግሞ ጥፋተኛው ያ መስታወት የዘጋው ልጅ መስሎኝ ነበር” አሉና ወደ ሚዛን ቤቱ ገቡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን ከመመለስ ሌላ አላናገሩኝም። አልፈረድኩባቸውም።

አዲሱ ሚዛን ከራሱ የተቆለፈ ፕሮግራም ጋር መጣ። ወራት እንኳ ሳይቆይ የፋብሪካው ኮምፒውተሮች ሲስተም ሲታደስ እሱም ቀጥ አለ። የእኔን አወጣሁት። ስለ ሚዛኑ የሚያውቀውን ክፍል ብቻ ለአዲሱ ሚዛን እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩት፤ ሌላውን ሁሉ አልነካሁትም። ጠዋት ጀምሬ ከምሳ በፊት መኪና መመዘን ተጀመረ። ደስታ ቢጤ ተሰማኝ፣ ግን የዚያ የጤነኛ ብረት ነገር አልዋጥልኝ አለ። የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከነማብራሪያው አትሜ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው ብዬ ሚዛን ቤቱ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወሬው ደርሶት መሰለኝ የድሮ አለቃዬ ደወለልኝ። ድራይቨሬ በየትኛውም ኮምፒውተር እንደሚሠራ መስማቱን፣ ድርጅቱ ሊገዛው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ድምፁ ያው ለስላሳ ነው። ከዚያ፣ ከጊዜ በኋላ ሥራውን እንዲያቆም አድርጌ ልቆልፈው እችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

አልችልም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያስጠላኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ፣ ቁልፉ በፕሮግራሙ በየትኛው መስመር ላይ ቢገባ ማንም እንደማያገኘው አስቤ ጨርሼ ነበር።