ቅርጫት የመሰለው ቤታችን

ባለቤቴ ታደሰ ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ምስር መልቀም ነበር። በረንዳው ላይ ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን ስንለቅም፣ በጣቱ ምስሩ ላይ ሾጣጣ ጣሪያ ሳለ፣ በር አወጣለት፣ ወዲያው በመዳፉ ደመሰሰው። አይቻለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩን ልቀም እንጂ!» ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ ቀበርነው።

ያ የሳለው ቤት እኔ ያደግኩበት ቤታችን ነበር። በንጉሡ ዘመን፣ ከዲላ በላይ ባለው ዳገት፣ እንሰት መሀል፣ አባቴ በገዛ እጁ ከቀርከሃ የጎነጎነው፤ ዝናብ ሲመታው እንደ እርጥብ ሣር የሚሸት፣ ጠዋት ጠዋት ፍየላችን ከሁላችንም ቀድማ አንገቷን በበሩ ብቅ የምታደርግበት ቤት። የታደሰ ወላጆች እንደ እኛ ጌዴኦዎች ቢሆኑም ከተማ ተከራይተው ይኖሩ ስለነበር፣ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አባቴ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ያቀብለው ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን «የምታውቁትን ቤት ሳሉ» አሉን። እናቴ ያወጣችልኝ የጌዴኦ ስም የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሲደርስ አስቴር ሆኖ ነበርና፣ እኔም እንደ አዲሱ ስሜ ለመሆን ከመማሪያ መጽሐፉ ባለቆርቆሮ ቤት ቀዳሁ፤ ባንዲራም ተከልኩበት። ታደሰ ግን ቤታችንን ሳለ፤ የጉንጉኑን አካሄድ፣ አባቴ በግራ በኩል በአዲስ ቀርከሃ የጠገነውን ሳይቀር። ፍየሏንም አልረሳትም።

«ይሄ ቤት ነው ቅርጫት?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መምህሩ የማን ቤት እንደሆነ ሲጠይቁት በኩራት ወደ እኔ ጠቆመ። «የእነ አስቴር ነው!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ውሸቱን ነው መምህር፤ የእኛ ቆርቆሮ ነው» አልኩ።

ዋሽቷል ተብሎ መዳፉን በማስመሪያ ተመታ። በቀጣዩ ቅዳሜ እንደ ልማዱ መጥቶ፣ ባበጠ እጁ ለአባቴ ቀርከሃ አቀበለ፤ አልከሰሰኝም። ሥዕል ግን ዳግመኛ ሲስል አላየሁትም። አድገን ተጋባን፤ የቆርቆሮ ቤት ሠራልኝ፤ የዚያን ቀን ነገር አንድም ጊዜ አላነሳብኝም፤ እኔም ይቅርታውን ነገ ነገ ስል ዕድሜያችን አለቀ። አባቴ ሲሞት ቤቱ ፈረሰ፤ ፎቶግራፍ የለው፣ እንደዚያ የሚጎነጉን እጅ በቤተሰባችን የለ። ልጆቻችንም ጌዴኦኛ በቅጡ አይሰሙም፤ ይህም የእኔ ሥራ ነው።

አሁን የአያታቸው ቤት ምን ይመስል እንደነበር ሲጠይቁኝ፣ አባታቸው በትክክል ስሎት እንደነበር፣ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ።