ስሜን ልትወርስ የነበረችው ዓሣ

እኔ ከዓሣ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ከመንደራችን ከባንኮ ጎቲቲ ቁልቁል ባለው ወንዝ ውስጥ፣ እግራችሁ ሥር ሊያወጣ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ቀኑን ሙሉ ተገትራችሁ ጣት የማታህል ዓሣ ፈልጉ ብትባሉ ምን ትሉ ነበር?

ይህን መከራ ያመጣብኝ ከዲላ የመጣ የዓሣ ተመራማሪ ነው። "ጋሽ በየነ፣ ይቺ ዓሣ ሌላ አገር የለችም፤ እዚህም እያለቀች ነው። እስካሁን ስም የላትም። በሕይወት እያለች ቀለሟን ፎቶ ካነሳሁ ባንተ ስም እንድትጠራ አደርጋለሁ" አለኝ። እኔ ደግሞ ልጅ አልወለድኩም። ስሜን የሚያስጠራልኝ ዓሣም ቢሆን አልጠላሁም።

በስንት መከራ ሁለት ያዝንና ባልዲ ውስጥ ጨመርናቸው። ለካ ሊቁ ካሜራውን መኪናው ውስጥ ረስቶታል። ባልዲውን ወንዙ ዳር ለነበረችው ለባለቤቴ ለዓለሚቱ አደራ ብለን ዳገቱን ወጣን። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና ውሃ ውስጥ እየጨመረች ስትለይ የኖረች፣ ጠንቃቃ ሴት ናት።

ስንመለስ አንዷ ዓሣ ባልዲው ሥር ተጋድማለች። ተመራማሪው በጣቱ ነካ አደረጋት፤ ሞታለች። ሌላዋ የለችም።

"እትዬ፣ ሁለተኛዋስ?" አላት።

"ላይ ላይ ስትል የነበረችው? ወንዝ ውስጥ ደፋኋት።"

"ምነው ዓለሚቱ፣ ምን አደረግሁሽ?" አልኩ።

"ምነው ትለኛለህ እንዴ? የሚንሳፈፍ ቡና መቼ ጠቅሞ ያውቃል? ውስጡ ባዶ ነው። ይልቅ የሰመጠችውን ያዙ፤ አንደኛ ደረጃ ናት።"